ተቃዋሚው ያሸነፈ ዕለት

ጊዜው ግንቦት 1959 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የስዊድን ሁለተኛው ምክር ቤት በአንድ የጡረታ ሕግ ላይ ድምፅ ሊሰጥ ተሰብስቧል። ሕጉ የፋብሪካ ሠራተኛው እንደ ቢሮ ሠራተኛው ሁሉ ከደመወዙ ጋር የሚመጣጠን ጡረታ እንዲያገኝ ያደርጋል። ያቀረቡት ሶሻል ዴሞክራቶቹ ናቸው። አምስቱ ኮሚኒስቶችም ከእነሱ ጋር ቆመዋል። የቀሩት ሦስት ፓርቲዎች አንቀበልም ብለዋል። አፈ ጉባኤው ድምፅ ስለማይሰጥ ሒሳቡ 115 ለ 115 ነው።

ከተቃዋሚዎቹ መካከል ቱሬ ኮኒግሶን የሚባል ሰው ነበር። የሊበራሎቹ ፓርቲ አባል ነው። በሙያው ግን የመርከብ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ የጎተንበርግ ሰው። ሕጉን አልደገፈም። ከፓርቲው ጋር ሆኖም አልተቃወመም። ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። 115 ለ 114። ሕጉ አለፈ።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ያነበብኩ ጊዜ ደነገጥኩ። የሚሊዮኖች እርጅና በአንድ ሰው ዝምታ ላይ መንጠልጠሉ አናደደኝ። ለሠራተኛው እንደሚጠቅም እየታወቀ ይህ ሁሉ ልመና ለምን? ብዙዎቻችን ሶሻሊዝም የሚለውን ቃል የሰማነው ከአንድ ፓርቲ አገዛዝ ጋር ተጣብቆ ነው። ምርጫና ተቃዋሚ ደግሞ የሌላው ወገን ዕቃ ይመስሉን ነበር። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

አንድ ወዳጅ አለኝ። በዚህ ጉዳይ ስንከራከር ዓመታት አልፈዋል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው። «አንዱ ሲተክል ሌላው የሚነቅል ከሆነ ዛፉ መቼ ያፈራል?» ይለኛል። ትምህርት ቤት ተሠርቶ ፍሬው እስኪታይ ሃያ ዓመት ይፈጃል። ምርጫ ግን በየአራትና በየአምስት ዓመቱ ከች ይላል። ስለዚህ ከሶሻሊዝምና ከመድበለ ፓርቲ አንዱን ምረጥ ነው የሚለኝ።

ከባድ ጥያቄ ነው። በንድፈ ሐሳብ ልመልሰው ሞክሬ አልሆነልኝም። የረዳኝ ሌላ ነገር ነው። የተለያዩ አገሮችን ታሪክ እያነሣሁ ተቃዋሚው ያሸነፈበትን ዕለት መፈለግ ጀመርኩ። አንድ መንግሥት የተከለውን ነገር፣ ያንን ነገር ይጠላ የነበረው ፓርቲ ሥልጣን ሲይዝ ምን አደረገው?

ብሪታንያ ለዚህ ጥሩ ናት፤ ምክንያቱም አንድ መንግሥት በአንድ ዘመን ሁለት ነገር ተክሏል። በ1945 የክሌመንት አትሊ የሠራተኛ ፓርቲ በትልቅ ብልጫ አሸነፈ። ሐምሌ 5 ቀን 1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥራ ጀመረ። ማንም ሰው ሲታመም ሳይከፍል ይታከማል። ያው መንግሥት በ1951 መጀመሪያ የብረት ኢንዱስትሪውን ወረሰ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ደግሞ ወግ አጥባቂዎቹ በምርጫ ተመለሱ።

ወግ አጥባቂዎቹ የጤናውን ሕግ በ1946 ምክር ቤት ውስጥ ተቃውመውት ነበር። ስለዚህ መንቀል ይችሉ ነበር። አልነቀሉም። ወጪው አሳስቧቸው በ1953 አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው በ1956 ገንዘቡ በከንቱ እየባከነ አይደለም የሚል ሪፖርት ይዞ መጣ። አገልግሎቱ ቀጠለ። ብረቱንስ? በ1953 ወደ ግል ለመመለስ ሕግ አወጡ። ሠራተኛ ፓርቲ በ1967 እንደገና ወረሰው። በ1988 እንደገና ተሸጠ። የወዳጄ ዛፍ ማለት ይኼ ብረት ነው። ሲተከል፣ ሲነቀል፣ ሲተከል፣ ሲነቀል።

ሁለቱን የለየው ምንድን ነው? እኔ የምለው ይህን ነው። የጤና አገልግሎቱ ወግ አጥባቂውን የመረጠችው እናት ልጅዋን ይዛ የምትሄድበት ቦታ ሆኖ ነበር። የብረት ፋብሪካው ባለቤትነት ግን የማንም የዕለት ኑሮ ውስጥ አልገባም። የፋብሪካው ሠራተኛ እንኳ በማግስቱ ያው ሥራ ላይ ያው አለቃ ነው የጠበቀው። ባለቤቱ ተቀየረ ሲባል ሰማ፣ ባለቤቱ ተመለሰ ሲባል ሰማ። ሊነካበት ሲመጡ «ይኼ የኔ ነው» ብሎ የሚነሣ ሰው አልተፈጠረለትም።

ሌላም ነገር አለ። የጤና አገልግሎቱ ብዙ እጅ ነክቶታል። ከመነሻው የነበረውን የ1942 ሪፖርት ያዘጋጀው ዊልያም ቤቨሪጅ ሊበራል ነበር። ሚኒስትሩ አናይሪን ቤቫን ደግሞ ግራ ዘመም የታወቀ ሰው ነው፤ ሆኖም ከሐኪሞቹ ጋር ተደራደረ። ስፔሻሊስቶቹ በመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ የግል ሕመምተኛ እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው። የሠፈር ሐኪሞቹም የደመወዝ ተቀጣሪ ሳይሆኑ በውል እንዲሠሩ ተደረገ። በጊዜው ይህ የመርህ ሽያጭ የመሰላቸው ነበሩ። እኔም ድሮ ቢሆን እንደዚያ እል ነበር። አሁን ግን ሥር የሰደደው በዚያ መስጠትና መቀበል ይመስለኛል።

ወደ ስዊድን ልመለስ። ሶሻል ዴሞክራቶቹ በ1932 ሥልጣን ሲይዙ የምክር ቤቱ አብላጫ አልነበራቸውም። ለሥራ አጡ ሥራ መፍጠር ፈለጉ። ድምፅ ግን አልበቃቸውም። በ1933 ከአርሶ አደሮቹ ፓርቲ ጋር ተነጋገሩ። እናንተ የሥራ አጡን በጀት ደግፉልን፤ እኛ የእርሻ ምርት ዋጋ እንዳይወድቅ እንደግፍላችኋለን አሉ። ስዊድናውያን ይህን ስምምነት «የላም ንግድ» ብለው ጠሩት። ስሙ የሚያምር አይደለም። ግን በ1936 ከተፈጠረ የጥቂት ወራት ክፍተት በቀር እስከ 1976 ድረስ በሥልጣን ላይ ለቆዩበት ዘመን መሠረቱ ያ ነው።

እዚህ ላይ የመድበለ ፓርቲ ሥርዓት አንድ ያላሰብኩትን ነገር አሳየኝ። የፋብሪካ ሠራተኛው ብቻውን የትም አገር ግማሽ በላይ መራጭ ሆኖ አያውቅም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሠራተኛ ፓርቲ ማሸነፍ ከፈለገ ለሌላውም የሚሆን ነገር ይዞ መምጣት አለበት። መጀመሪያ ለአርሶ አደሩ። ቀጥሎ ለቢሮ ሠራተኛው። ይኼ ፖሊሲውን ያለሳልሰዋል፤ አልክድም። ግን ያሰፋዋልም። «ለድሃው ብቻ» የነበረው «ለሁሉም» ይሆናል። የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ ጠባቂው ብዙ ነው። በ1976 ሶሻል ዴሞክራቶቹ ሲሸነፉ አዲሶቹ ገዥዎች ያቺን በአንድ ድምፅ ያለፈች ጡረታ አልነቀሏትም። እንዲያውም የመርከብ ግንባታው ኪሳራ ውስጥ ሲወድቅ በ1977 ፋብሪካዎቹን በመንግሥት ኩባንያ ሥር የሰበሰቡት እነሱው ናቸው።

ሲነቀል ተመልሶ የሚበቅልም አለ። አውስትራሊያ ውስጥ የጎፍ ዊትላም የሠራተኛ ፓርቲ መንግሥት ለሁሉም የሚሆን የጤና መድን በሐምሌ 1975 ጀመረ። በዚያው ዓመት ከሥልጣን ወረደ። ተተኪው መንግሥት መድኑን በየጊዜው እየቆራረጠ በ1981 ጨረሰው። በ1983 ሠራተኛ ፓርቲ ተመለሰ፤ በ1984 መድኑን እንደገና አቆመው። በ1996 ወግ አጥባቂዎቹ ሊያሸንፉ የቻሉት እንደማይነኩት ቃል ገብተው ነው። ሕዝቡ ያለሱ ምን እንደሚመስል አይቷል። ይህን ለወዳጄ ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

ከዚያ ግን «ቺሊስ?» አለኝ።

ቺሊ ለእኔም የምታም ታሪክ ናት። ሶሻሊስቱ ሳልቫዶር አሌንዴ መስከረም 1970 ያሸነፈው በ36.6 በመቶ ድምፅ ነው። ሦስት እጩዎች ነበሩ፤ ከሁለተኛው የበለጠው በጥቂቱ ነው። ግማሽ በላይ ያገኘ ስለሌለ ምክር ቤቱ መምረጥ ነበረበት። ክርስቲያን ዴሞክራቶቹ የዴሞክራሲ ዋስትናዎች ሕገ መንግሥቱ ውስጥ እንዲገቡ አስፈርመው መረጡት። አሌንዴም ሥራ ጀመረ። የመዳብ ማዕድኑ ከአሜሪካ ኩባንያዎች ተወስዶ የአገር ሀብት እንዲሆን ለምክር ቤት አቀረበ። ሐምሌ 11 ቀን 1971 በሙሉ ድምፅ አለፈ። ቀኙም፣ መሐሉም፣ ግራውም እጁን አወጣ።

ፋብሪካዎቹን ለመውረስ ግን እንዲህ ያለ ድምፅ አልነበረውም። ስለዚህ መንግሥቱ በ1932 የወጣ፣ የተረሳ አዋጅ ቆፍሮ አወጣ። በዚያ አዋጅ ምክር ቤቱን ሳያስፈቅድ ፋብሪካዎችን ይይዝ ጀመር። በሕግ የተከለከለ አልነበረም። ግን መሐል ላይ የቆመው ወገን ተነካሁ አለ። ክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ወደ ቀኙ ተጠጉ። በጥቅምት 1972 የጭነት መኪና ባለቤቶች አድማ መቱ። ዋሽንግተንም ተቃዋሚውን በገንዘብ ትረዳ ነበር፤ ይህ በኋላ በራሷ ሴኔት ምርመራ ወጥቷል። መስከረም 11 ቀን 1973 ጦሩ ቤተ መንግሥቱን በአውሮፕላን ደበደበ። አሌንዴ እዚያው ሞተ።

አንድ ነገር በደንብ መባል አለበት። አሌንዴን ምርጫ አልጣለውም። መጋቢት 1973 በተካሄደው የምክር ቤት ምርጫ ጥምረቱ ወደ 44 በመቶ አግኝቶ ነበር። የኑሮ ውድነቱና ሰልፉ እያለ ድምፁ ከ1970ው በልጧል። ሶሻሊዝሙን የገደለው መድበለ ፓርቲውን የገደለው ታንክ ነው። «ምርጫ ውስጥ ገባ፣ ጠፋ» የሚሉ ሰዎች ይህን ይዘሉታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ ልብ በሉ። በጦሩ ኃይል ሥልጣን የያዘው ጄኔራል ፒኖቼ ፋብሪካዎቹን በብዛት ለባለቤቶቻቸው መለሰ፤ ሌላውን ሸጠ። ጡረታውን ሳይቀር ለግል ኩባንያ ሰጠ። መዳቡን ግን አልመለሰም። በ1976 ኮዴልኮ የሚባለውን የመንግሥት ኩባንያ ያቋቋመው የእሱ አገዛዝ ነው። አንዱ ምክንያት የጥቅም ነው፤ ጦሩ በሕግ ከመዳቡ ሽያጭ ድርሻ ያገኝ ነበር። ቢሆንም በሙሉ ድምፅ የተወሰደው መዳብ በአምባገነኑም ዘመን በመንግሥት እጅ ቆየ። በአዋጅ ቀዳዳ የተያዙት ፋብሪካዎች ግን ተበተኑ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ወደ አእምሮዬ ይመጣል። ግን ያ መንግሥት የቸኮለው የራበው ሕዝብ ስለነበረው ነው። በዚያ ላይ መፍረድ ይከብደኛል።

አሁን ብዙ ወደተማርኩበት ልሂድ፤ ሕንድ። በ1957 የኬረላ ግዛት ኮሚኒስቶችን በምርጫ ወደ ሥልጣን አመጣች። ኢ.ኤም.ኤስ. ናምቡዲሪፓድ ዋና ሚኒስትር ሆነ። የመሬትና የትምህርት ሕግ አወጣ። ተቃውሞ ተነሣ። በሐምሌ 1959 የደልሂ መንግሥት አባረረው። «በቃ፣ አለቀ» ያሰኛል። ግን አላለቀም። ተመልሰው ተወዳደሩ፤ አሸነፉ፤ ተሸነፉ፤ ተጣመሩ። ጭሰኝነትን ያስቀረው የመሬት ሕግ በጥር 1970 ሥራ ላይ ሲውል ሥልጣን ላይ የነበረው የጥምረት መንግሥት ነው።

ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2016 ድረስ በኬረላ አንድም ጥምረት ሁለት ጊዜ ተከታትሎ አሸንፎ አያውቅም። ግራው ይገባል፣ ይወጣል። በኮንግረስ ፓርቲ የሚመራው ይገባል፣ ይወጣል። ለወዳጄ ይህ ቅዠት ነው። ግን ጤና ጣቢያው አልተዘጋም። ትምህርት ቤቱ አልተዘጋም። እንዲያውም ሁለቱም ወገኖች በዚያ ነው የሚፎካከሩት። አንዱ ጡረታ ጨምሬያለሁ ሲል ሌላው እኔ እበልጣለሁ ይላል። የጎደለ መድኃኒት ካለ ተቃዋሚው በማግስቱ አደባባይ ያወጣዋል።

ከዚህ አጠገብ ምዕራብ ቤንጋልን አስቀምጡት። እዚያ ግራው ጥምረት ከ1977 እስከ 2011 ለ34 ዓመት ያለማቋረጥ ገዛ። ምርጫ ነበር፤ አስጊ ተፎካካሪ ግን ለረጅም ጊዜ አልነበረም። ወዳጄ የሚመኘው ጊዜ ሁሉ ተሰጥቶታል። መጀመሪያ ላይ ግሩም ሠራ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ የእኩል አራሾችን መብት መዝግቦ ከመሬታቸው እንዳይፈናቀሉ አደረገ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን ፓርቲው መንደሩን ሁሉ ያዘ። ማን ምን እንደሚያገኝ የሚወስነው የአካባቢው ካድሬ ሆነ። በ2011 ቆጠራ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ኬረላ ውስጥ 94 በመቶ ገደማ ሲሆን ምዕራብ ቤንጋል ውስጥ 76 በመቶ ገደማ ነበር። ልዩነቱን ሁሉ ለፓርቲዎቹ መስጠት ልክ አይሆንም። ኬረላ ከጥንትም በትምህርት ቀድማ ነበር። ግን 34 ዓመት ርቀቱን ለማጥበብ በቂ ጊዜ ነው።

መጨረሻው ደግሞ ልብ ይሰብራል። መጋቢት 2007 ናንዲግራም በሚባል ቦታ መንግሥቱ ለኬሚካል ኢንዱስትሪ መሬት ሊወስድ ነው ተብሎ ገበሬዎቹ ተነሡ። ፖሊስ ተኮሰ። 14 ሰው ሞተ። ለአራሹ መሬት ያረጋገጠ ፓርቲ በአራሹ ላይ ተኮሰ። ይህን ሳነብ የተሰማኝን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ያ ፓርቲ ክፉ ሆኖ አልተነሣም። በየአምስት ዓመቱ የሚያስደነግጠው ሰው አጣ፤ እኔ የማየው ይህን ነው።

የሚናገር ሰው ጨርሶ በሌለበት የሚሆነው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በ1958 ቻይና ግብርናንና ኢንዱስትሪን በአንዴ ለማሳደግ «ታላቁ ወደፊት እመርታ» የተባለውን ዘመቻ ጀመረች። በሐምሌ 1959 የመከላከያ ሚኒስትሩ ፔንግ ደኋይ በሉሻን ስብሰባ ላይ ነገሩ እንዳላማረ ለመሪው ለማኦ በደብዳቤ ጻፈ። ከሥልጣኑ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ማን ይናገር? ዘመቻው ባሰበት። በረሃብ የሞተው ሰው በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራል። ተቃዋሚ ፓርቲ ቢኖር ኖሮ ሥልጣን ለመንጠቅ ብሎ እንኳ ይጮህ ነበር። ያ ጩኸት የስንት ሰው ነፍስ ነው?

ለእውነት ስል የዚህንም ሌላ ገጽ ላንሣ። በእነዚያው ዓመታት መድበለ ፓርቲ የነበራት ሕንድ እንዲያ ያለ ረሃብ አላየችም። ግን በየዕለቱ ቀስ ብሎ የሚገድለው የምግብ እጥረት ብዙ ሕፃናት ይወስድባት ነበር። በዚህ በኩል ቻይና ከረሃቡ ውጭ ባሉት ዓመታት በልጣታለች። ተቃዋሚ ፓርቲ ድንገተኛ ጥፋት ላይ ይጮሃል። ዝም ብሎ የሚገድል ድህነት ላይ ግን የሚጮኸው ድሃው ራሱ በማኅበር ሲደራጅ ነው። ምርጫ ብቻውን ሆስፒታል አይሠራም።

የምርጫው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። መቀመጫ ከድምፅ ጋር በተመጣጣኝ በሚከፋፈልባቸው አገሮች ግራ ዘመም ጥምረቶች በተደጋጋሚ ሥልጣን ይይዛሉ። አንድ ወረዳ አንድ አሸናፊ በሚሆንባቸው አገሮች ደግሞ ቀኙ ይቀናዋል። ብሪታንያ ውስጥ በ1951 ሠራተኛ ፓርቲ ከወግ አጥባቂዎቹ የበለጠ ድምፅ አግኝቶ ነው በመቀመጫ የተሸነፈው።

እስካሁን የጻፍኩት ወዳጄን የሚረታ ይመስላል። አልረታሁትም። ምክንያቱም አንድ ጥያቄ ላይ መልስ የለኝም፤ የባለቤትነት ጥያቄ ላይ። ጤና፣ ጡረታ፣ ትምህርት፣ መሬት ላራሹ፣ እነዚህ በመድበለ ፓርቲ ውስጥ ሥር ሲሰዱ አይቻለሁ። ፋብሪካውን የሠራተኛው ማድረግ ግን?

በዚህ ላይ ከሁሉ ርቃ የሄደችው ያቺው ስዊድን ናት። ሩዶልፍ ማይድነር የሚባል የሠራተኛ ማኅበራቱ ኢኮኖሚስት አንድ ሐሳብ አመጣ። ትልልቅ ኩባንያዎች በየዓመቱ ከትርፋቸው የተወሰነውን በአዲስ አክሲዮን መልክ ለሠራተኞች ፈንድ ይስጡ። ማንም አይወረስም፤ ግን በጊዜ ብዛት አብላጫው ድርሻ የሠራተኞቹ ይሆናል። በ1976 የማኅበራቱ ጉባኤ በደስታ ተቀበለው። አሠሪዎቹ ከዳር እስከ ዳር ተነሡበት። ጥቅምት 4 ቀን 1983 ስቶክሆልም ላይ 75,000 ያህል ሰው ተቃውሞ ወጣ። በዚያው ታኅሣሥ ተሸራርፎ፣ ተሸራርፎ የቀረው ሕግ ጸደቀ። ክርክሩ ላይ የገንዘብ ሚኒስትሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፈንዶቹን የሚያጣጥል ግጥም ሲጽፍ ፎቶ ተነሣ። ሕጉን የሚያቀርበው የእሱው መንግሥት ነበር።

በ1991 ተቃዋሚዎቹ አሸነፉ። ፈንዶቹን አፈረሱ። የገንዘቡ ትልቅ ክፍል ለምርምር ተቋማት መመሥረቻ ሆነ። ሶሻል ዴሞክራቶቹ በ1994 ሲመለሱ ፈንዶቹን አልመለሷቸውም። በዚያው ዓመት ግን የቀድሞው ጡረታ በአዲስ እንዲተካ አምስት ፓርቲዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ተስማሙ።

ይህን ለወዳጄ ስነግረው «አየህ፣ ተነቀለ» አለኝ። አየሁ። ግን ያን ፈንድ የጨበጠ እጅም አላየሁም። ለሠራተኛው ወር ሲደርስ ምንም አይመጣለትም። ስሙ የሰፈረበት ወረቀት የለም። አክሲዮኑ የሁሉም ተብሎ የማንም ሳይሆን ቀረ።

ባለፈው ስንገናኝ ጥያቄውን እሱ ነው ያነሣው። «አክሲዮኑ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም ቢሆን ኖሮስ? ያኔ የሚነቅለው ይገኝ ነበር?» አለኝ። ማይድነር ይህን መንገድ ሆን ብሎ ነው ያልወሰደው። የግል ድርሻ ይሸጣል፤ ከተሸጠ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ሀብታሙ እጅ ይገባል። ወዳጄም ይህን ያውቃል። በጋራ ከያዙት የሚጠብቀው ያጣል፤ በግል ከያዙት የሚሸጠው ይበዛል። ሁለታችንም እዚያ ላይ ቆመን ተለያየን።